ሁለት ምርቃት ለአንድ ቱቦ

«አሜን!» አለ አዳራሹ በሙሉ። እጄን እንደዘረጋሁ ቀና ስል፣ ፊት ለፊት የተቀመጠችው ጸሐፊ ልጅ አንገቷን ደፍታ ትጽፋለች።

ምን ትጽፋለች? ምርቃት ይጻፋል እንዴ? በዕድሜዬ ስንት ሠርግ መርቄአለሁ፣ ስንት አዲስ ቤት ገብቼ ባርኬአለሁ፤ ብዕር ያወጣብኝ ሰው ግን አላየሁም። ምርቃት እንደ ካፊያ ነው። ይወርዳል፣ ይሰርጋል፣ አለቀ።

ገና ቁጭ ከማለቴ ጎኔ ያለው ጎረቤቴ ገመዳ በክርኑ ጎሰመኝ።

«አንተ ሽማግሌ፣ ምን ብለህ ነው የመረቅከው?»

«እንደወትሮው ነዋ» አልኩት።

«‹ያሰባችሁትን ያሳካላችሁ› አላልክም? ያሰቡት እኮ ምንጫችንን መቁረጥ ነው! ያ ዋቃ! ይህን ልትል ነው ከፉሪ ድረስ ታክሲ የተሳፈርከው?»

እውነቱን ነው።

መቼም የነገር መጀመሪያው ካልታወቀ መሐሉ አይጥምምና ትንሽ ልመለስ። እኔ ብዙ አላወራም። ፊደልም አልቆጠርኩም፤ ይህንንም ተናግሬ ያስጻፍኩት ነው። ወሬ የማልወደው ግን ስላልተማርኩ አይደለም። ዘመኔን የኖርኩት ጉድጓድ ቆፋሪ ሆኜ ነው። ጉድጓድ ውስጥ ከማን ጋር ይወራል? ከላይ ያለው ገመድ ሳቢ ቢጠይቅህም «ሳብ» እና «ልቀቅ» ብቻ ይበቃሃል። እኔም ከጉድጓድ ከወጣሁ በኋላ ከእነዚህ ከሁለቱ ብዙም አልራቅኩም።

አሁን የምኖረው ፉሪ ነው፤ ቁልቁል ወደ ወንዙ በሚወስደው በኩል። በአስፋልቱ ዳር፣ ከመሬት በታች፣ ከማከማቻው ወደ ፋብሪካዎቹ ጋዝ የምታደርስ አንዲት ቀጭን ቱቦ አለች። ስትቀበር እኛን የጠየቀን የለም፤ እኛም እሷን አልጠየቅናትም፤ እንዲሁ ተቻችለን ኖረናል። በቅርቡ ግን ፋብሪካው በዛና ቀጭኗ አልበቃ አለች። ወፍራም ታላቅ እኅት ልትመጣላት ነው ተባለ። ታላቅየዋ ደግሞ እንደ ታናሿ በአስፋልቱ ዳር ዞሮ መሄድ አልተመቻትም። በወንዙ ዳር፣ በእኛ ሰፈር በኩል፣ አቋራጭ ፈለገች።

ዘመኑ ግን ተሻሽሏል። ዛሬ ዶማ ከመነሣቱ በፊት ወረቀት ይነሣል። አስቀድሞ የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ የሚባል ጥናት አለ፤ ቱቦው ለሳሩ፣ ለዛፉ፣ ለውሃው፣ ለሰዉ ምን ያመጣበታል ተብሎ ይታያል። ቀጥሎ ሕዝቡ ተሰብስቦ ሐሳቡን ይጠየቃል። አልጠላሁትም። ደጅህን የሚቆፍር ሰው ቀድሞ «እንዴት አደርክ» ቢልህ ምን ይከፋል?

ችግሩ ምንጩ ነው። ከእኔ አጥር ወረድ ብሎ፣ ቱቦው ሊያልፍበት ከተሰመረው መስመር ጥቂት ዝቅ ብሎ፣ አንድ ምንጭ አለ። የእኛ ሰፈር የቧንቧ ውሃ እንደ ባለሥልጣን እንግዳ ነው፤ ሲመጣ ሰፈሩ ይተራመሳል፣ ሲሄድም ለማንም አይሰናበትም። እሱ የሄደ ዕለት ሰፈሩ በሙሉ ጀሪካን ይዞ ወደ ምንጩ ይወርዳል። አፉን በድንጋይ የገነባሁት እኔ ነኝ። ውሃው ከላይ ከተዳፋቱ፣ ከመሬት ሥር፣ በቀጭን ጅማት ነው የሚመጣው። ቱቦው የሚቀበርበት ቦይ ደግሞ በተዳፋቱና በምንጩ መካከል ሊያልፍ ነው። ጅማቱ ከተቆረጠ ውሃው አይጮህም፣ ክስ አያቀርብም፤ መንገዱን ቀይሮ ዝም ብሎ ይሄዳል። ከወንዙ ማዶ ግን ያለው የአንድ ፋብሪካ አጥር ነው፤ በዚያ ቢያልፍ የሚቆረጥ ምንጭ የለም።

ከየት አወቅክ ብትሉኝ፣ አድርጌው ነው። ጎልማሳ ሳለሁ መካኒሳ አቦ አካባቢ ለአንድ ቤት የመሠረት ቦይ ስቆፍር፣ ከታች የነበረች የሰዎች ምንጭ በሳምንት ውስጥ ደረቀች። ማንም እኔን አልጠረጠረም። እኔም አልተናገርኩም። እስከ ዛሬ በዚያ በኩል ሳልፍ አንገቴን ደፍቼ ነው። እንግዲህ ዝምታዬ ሁሉ ጨዋነት እንዳይመስላችሁ።

ታዲያ ጥናቱ ምንጩን እንዴት ሳተው? አሁን ወደ ጥፋቴ መጣሁ።

የገመዳ አባቶች ከተማው ሳይደርስባቸው በፊት እዚያው ሲያርሱ የኖሩ ናቸው። እሱም አሁን መሬቱ ተቆራርሶ፣ ጥቂት ጎመንና አንዲት ላም ቀርተውታል። ላሟ ጠባይ የላትም። ውሃ ከጠጣች በኋላ ምንጩ ውስጥ ገብታ ትቆማለች፤ እግሯን ነው መሰለኝ የምታቀዘቅዘው። እኔም መላ መታሁ፤ ምንጩን በአሮጌ ቆርቆሮ ከድኜ፣ ላዩ ላይ ድንጋይ ጫንኩበት። የሚቀዳ ሰው ያነሣል፣ ቀድቶ ይመልሳል። ላሟ አኮረፈች፣ ውሃው ጠራ።

ከዚያ አጥኚው መጣ። ኢንጂነር ዮናስ ይባላል፤ ትሑት ልጅ ነው፤ ብርቱካንማ ሰደርያ ለብሶ፣ ትልልቅ ጫማ አድርጎ፣ በበጋ ፀሐይ ላብ በላብ ሆኖ ደጄ ቆመ።

«አባባ፣ እንደምን ዋሉ? የዚህ ሰፈር ሰው የሚጠጣውን ውሃ ከየት ነው የሚያገኘው?» ብሎ ጠየቀኝ።

እንግዲህ ሌላ ሰው ቢሆን ይዘረዝርለት ነበር። እኔ ምን አደረግኩ? ገባሁና፣ ጠዋት ከምንጩ ከቀዳሁት፣ በጣሳ ሞልቼ አመጣሁለት። መልሱን በጣሳ ሰጠሁት ማለት ነው። እሱ ደግሞ መልሱን ጠጣው። «ተባረኩ አባባ፣ እንዴት ይቀዘቅዛል!» አለኝ፣ ጣሳውን መለሰ፣ ሄደ። ለደከመ እንግዳ ውሃ ስጥ እንጂ የውሃውን የትውልድ ሐረግ ቁጠርለት ብሎ ማን አሳደገኝ? እሱም ቢሆን የሰጡትን ውሃ ከየት አመጣችሁት ብሎ መመርመር ነውር ነው ተብሎ ያደገ ልጅ ነው። ሁለታችንም በጨዋነታችን ምንጩን ቀበርነው።

የስብሰባው ጥሪ ሲመጣ ባለቤቴ አስካለ ከበር ላይ ቆመች። አስካለ የምትናገረው ለሁለታችን ነው፤ የእኔን ድርሻ ጨምራ።

«አርባ ዓመት ሙሉ አንተ ዝም ስትል እኔ ስናገርልህ ኖሬአለሁ» አለችኝ። «ዛሬ ወገቤ አልታዘዝ ብሎኛል፤ አልሄድም። አፍህን ይዘህ ሂድ። ምንጩ ደርቆ በዚህ ዕድሜዬ ውሃ ፍለጋ ለቡ ድረስ ጀሪካን ካዞርከኝ ግን፣ ጀሪካኑን የምትሸከመው አንተ ነህ።»

መንገድ ላይ ንግግሬን አዘጋጀሁ። «ቱቦው የምንጩን ጅማት ይቆርጣል፤ ወደ ማዶ አሻግሩት።» ሰባት ቃል። ለእኔ ይህ የወር ቀለብ ነው። እንዳይጠፋኝ ሚኒባሱ ውስጥ ስደጋግመው፣ ከንፈሬ ሲንቀሳቀስ ያየች አንዲት ሴት ጸሎት ላይ ያለሁ መስያት የመስኮቱን ቦታ ለቀቀችልኝ።

አዳራሹ በር ላይ የስም መዝገብ አለ። ሌላው ሲፈርም እኔ አሻራዬን አስቀመጥኩ። በየወንበሩ የታሸገ ውሃ ተቀምጧል። የእኔን ለአስካለ ኪሴ ከተትኩ።

ሰብሳቢው ተነሣና፣ «እንደ ባህላችን፣ ከአባቶች አንድ ሰው መርቀው ይክፈቱልን» አለ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። በዚያ አዳራሽ ውስጥ ከእኔ የሚበልጥ ሽበት አልነበረም። ተነሣሁ። አሁን ትሉኝ ይሆናል፣ «አላወራም ያልክ ሰው ምርቃት ላይ ምን አፈታህ?» ምርቃት ወሬ አይደለማ! ቤቱን እንደሚያውቅ አህያ ነው፤ ልጓም ሳትይዘው ራሱ ይሄዳል። አገሩን ሰላም ያድርግልን፤ አሜን። ሰብሉን ያሳምርልን፤ አሜን። እንግዶቻችንን ይባርክልን፤ አሜን። ያሰባችሁትን ያሳካላችሁ፤ አሜን። አህያው ቤት ደረሰ። እኔ ግን ሰባቱን ቃል እንደያዝኩ ቀረሁ።

ኢንጂነሩ ግድግዳው ላይ ምስል አበራ። ቀይ መስመር ተዘርግቷል። እያንዳንዱን ዛፍ ቆጥሮታል፤ የአንዱን የግራር ቅርንጫፍ እንኳ አልረሳም። ትጋቱን ሳልወድለት አልቀረሁም። ከዚያ ቆርቆሮዬ መጣች። ከነድንጋይዋ ግድግዳውን ሞልታ እንደ ሲኒማ በራች።

«በዚህ ቦታ የተጣለ ቆርቆሮ ይታያል፤ በመስመሩ አቅራቢያ የውሃ ምንጭ አልተገኘም» አለ።

«ክዳንህ እንዴት አምሮባታል!» አለኝ ገመዳ።

«ላምህን ብታስራት ኖሮ ክዳን አያስፈልግም ነበር» አልኩት። የዕለቱ ረጅም ንግግሬ ይህ ነበር፤ እሱም ኢንጂነሩ ጋ ሳይደርስ ቀረ።

የጥያቄ ሰዓት ሆነ። ሕዝብ ለብዙ ጊዜ ሳይጠየቅ ቆይቶ አንድ ቀን ሐሳብህን ስጥ ሲባል ምን እንደሚያደርግ አይታችኋል? ያለውን ሁሉ ያወጣዋል። አንዱ ስለ መብራት ጠየቀ። አንዷ ስለ ኮብልስቶኑ ጠየቀች። ሌላው፣ ጅቡ በዚህ ዓመት ለምን በዛ ብሎ ኢንጂነሩን አፋጠጠው። ልጁም፣ እውነቱን ለመናገር፣ ጅቡን መዘገበው።

ገመዳ ዕድል አገኘ። ተነሣ። ከአያቱ ጀመረ። አያቱ መሬቱን እንዴት እንደያዙ፣ ስንት ጥማድ በሬ እንደነበራቸው፣ አባቱ ከማን ጋር በድንበር እንደተጣሉ፣ እንዴት እንደታረቁ፣ ለዕርቁ የታረደው ወይፈን ቀለሙ ምን እንደሚመስል። ምንጩ ጋ ሊደርስ አንድ ትውልድ ሲቀረው ሰብሳቢው «ሰዓት!» አለው።

ያኔ እጄን አነሣሁ። በሕይወቴ በስብሰባ ላይ እጅ ሳነሣ የመጀመሪያዬ ነበር፤ ክንዴ ራሱ ደንግጧል።

ሰብሳቢው በፍቅር ዓይን አየኝ። «አባባ፣ እርስዎ ቀደም ብለው በሚገባ ተናግረዋል። ዕድሉን ላልተናገሩት እንስጥ» አለኝ።

እጄን መለስኩ። በስብሰባ ብዙ ተናጋሪ ተብዬ ስከለከል ደግሞ፣ ይህም የመጀመሪያዬ ነበር።

በመጨረሻ ጸሐፊዋ ቃለ ጉባኤውን አነበበች። ድምፅዋ ጥርት ያለ ነው። «የአካባቢው ነዋሪ በአገር ሽማግሌ አማካይነት፣ የታሰበው ሥራ እንዲሳካ ምኞቱን ገልጾ፣ ተሰብሳቢው በአንድ ድምፅ አጽድቆታል።»

አሜናችን ናት! ለብሳ፣ ተኳኩላ፣ ወረቀት ላይ ስትቀመጥ አላወቅናትም። ገመዳ ጭንቅላቱን ይዞ፣ «ጉድ! ላሜ ምንጩ ውስጥ ብትቆም ይሻል ነበር፤ ቢያንስ ታይታ ትጻፍ ነበር» አለ። ከኋላችን ሰው ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። ያች የመካኒሳዋ ምንጭ ታየችኝ፤ ደርቃ፣ ጭቃዋ ተሰነጣጥቆ፣ ሴቶቹ ባዶ እንስራ ይዘው ቆመው። ያኔ ዝም አልኩ። አሁን ደግሞ ይባስ ብዬ መረቅኩ።

«እንግዲህ» አለ ሰብሳቢው፣ «በምርቃት እንደጀመርን በምርቃት እንዝጋ። አባባ!»

ተነሣሁ። እጄን ዘረጋሁ። አህያውን ቤቱ ከመሄዱ በፊት አንዴ ጆሮውን ያዝኩት።

«በሰላም ወደየቤታችን ይመልሰን» አልኩ።

«አሜን!»

«እንግዶቻችን ያሰቡትን ያሳካላቸው።»

«አሜን!» ኢንጂነሩ ፈገግ አለ።

«ያላሰቡትንም ያሳስባቸው።»

«አሜን!» አሉ፤ ግማሹ ቀና ብሎ እያየኝ።

«ከዚያ ቆርቆሮ ሥር ያለችውን ምንጫችንን፣ ጅማቷን ከመቆረጥ ይጠብቅልን።»

ገመዳ፣ ላሟን ከወንዝ ማዶ በሚጠራበት ድምፅ፣ «አሜን!» አለ፤ ሰዉም ተከተለው።

«ቱቦውን ወደ ማዶ ያሻግርልን፤ በፋብሪካው አጥር ሥር በሰላም ያሳልፍልን።»

«አሜን!» መስኮቱ ተንቀጠቀጠ። ሰብሳቢውም ብሏል፤ በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ።

«ይህን ሁሉ የምትጽፈውን የልጃችንን እጅ ይባርክልን።»

ብዕሯን አቁማ ታየኝ የነበረችው ልጅ ደንግጣ «አሜን» አለች። አሜን ካለች በኋላ ደግሞ ምን ታድርግ? አንገቷን ደፍታ መጻፍ ጀመረች።

ኢንጂነር ዮናስ ብድግ አለ። «ይቅርታ፣ ይኼኛው ምርቃት ነው ወይስ አስተያየት?»

«የመጀመሪያው ምን ነበር?» አለ ገመዳ።

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ኢንጂነሩም ሳቀ፤ ከዚያ ሳቁን ቶሎ አቆመና፣ «የትኛው ቆርቆሮ ነው ያሉት?» ብሎ ጠየቀኝ። ልጁ ትሑት ነው ብያችሁ የለ።

ጸሐፊዋ የጨመረችውን አነበበች፤ «የአካባቢው ነዋሪ በአገር ሽማግሌ አማካይነት፣ ቱቦው ወደ ማዶ እንዲሻገር ምኞቱን ገልጾ፣ ተሰብሳቢው በአንድ ድምፅ አጽድቆታል።» ከመጀመሪያው አንድ ፊደል አልቀነሰችበትም። ፍርድ ማለት ይህ ነው።

ቤት ስገባ አስካለ፣ «ተናገርክ?» አለችኝ።

«መረቅኩ» አልኳት።

«ወይኔ ልጅቷ! ለምርቃት ነው የላክሁህ?» ብላ ጀመረች፤ ምሳ እስኪቀርብም አላቆመችም። የታሸገውን ውሃ ከኪሴ አውጥቼ ሰጠኋት። ቀመሰችና፣ «የምንጩ ይሻላል» አለች።

በማግሥቱ ጠዋት ኢንጂነሩ ብቻውን መጣ። ድንጋዩን አነሣሁ፣ ቆርቆሮውን ገለጥኩ። ውሃው ፀሐይ አይቶ ብልጭ አለ። ያችኑ ጣሳ ሞልቼ ሰጠሁት። ጠጣ፤ አቆመ፤ ጣሳዋን አየ፤ እኔን አየ።

«ያን ቀን የጠጣሁት ይኼን ነው?»

«ነው» አልኩት።

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም አባባ?»

«ጠይቀኸኝ ሰጠሁህ፤ ጠጣኸው» አልኩት።

ምድር ላይ ቁጭ ብሎ ሳቀ። ከዚያ ሽቅብ ወጣን። በዚያ በጋ ሌላው ሳር ደርቆ፣ አንዲት ቀጭን መስመር ብቻ ከተዳፋቱ እስከ ምንጩ ለምልማ ነበር። በዱላዬ እየነካሁ አሳየሁት። ያች ናት ጅማቷ። በቀይ ቀለም የተቀቡት የቱቦው ችካሎች እላይዋ ላይ ተሰክተው ነበር። እሱ ሲለካና ሲጽፍ ዋለ። ስለ መካኒሳዋም ነገርኩት፤ ለሰው ስናገረው የመጀመሪያዬ ነው። እየሰማኝ አብሮኝ ወደ ምንጩ ወረደ። ቆርቆሮዋንም መልሶ የከደነው እሱ ነው፤ ድንጋዩንም አመቻችቶ።

ጥቂት ሳምንታት ቆይቶ ችካሎቹ ተነቀሉ። ወንዙን ተሻግረው፣ በፋብሪካው አጥር ሥር ተሰለፉ። ምንጩ ይፈሳል። አስካለ ወገቧ ተሽሏታል፤ እኔም ወደ ዝምታዬ ተመልሻለሁ። በመካኒሳ ሳልፍ ግን አሁን አንገቴ ትንሽ ቀና ይላል። የገመዳ ላም ብቻ እስካሁን አልታረቀችኝም።

የሚገርመው የፋብሪካው ሰዎች ናቸው። ቱቦው በእኛ በኩል ሊያልፍ ሳለ አንድ ቃል አልተነፈሱም ነበር፤ በአጥራቸው ሥር ነው ሲባሉ ግን ስለ አካባቢው ይጨነቁ ጀመር። ዛፉስ? ሳሩስ? አፈሩስ? አሉ። በዚህ የተነሣ ጥናቱ በማዶም ሊደገም፣ ሕዝቡም እንደገና ሊሰበሰብ ሆነ። አልጠላሁትም አላልኳችሁም? ይጠየቁ እነሱም።

ትናንት ያች ጸሐፊ የጥሪውን ደብዳቤ ይዛልኝ መጣች። ደብዳቤውን ገልብጬ ሳየው ገባትና ራሷ አነበበችልኝ። ውሃ ሰጠኋት፤ ከየት እንደተቀዳ አስቀድማ ጠየቀችኝ፤ ነገርኳት፤ ከዚያ ጠጣች። መርቄ ስሸኛት «አሜን» ልትል አፏን ከፈተችና ጥቂት አሰበች። ከበሩ ከወጣች በኋላ ዞር አለችና እንዲህ አለችኝ፦

«አባባ፣ ኢንጂነሩ አደራ ብለውኛል፤ የመክፈቻውንም የመዝጊያውንም ምርቃት ከስብሰባው ሦስት ቀን ቀደም ብለው በጽሑፍ ያስገቡልን።»